በአፈሙዝ በኩል የወለወልኳት ጠመንጃ

ይህን ነገር እስካለፈው ወር ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ ለየሺ አልነገርኳትም። ንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ ትንሹንም ትልቁንም ስዘረዝር ይህችን አንዷን እየዘለልኩ አሥራ አንድ ዓመት አሳልፌአለሁ። ስዘልላት አንድም ቀን ረስቻት አይደለም። ሰው የረሳውን አይዘልም፤ የሚዘለው ያስታወሰውን ነው።

ኃጢአቴ አጭር ናት። የልጄን ጠመንጃ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱን የጣልኩት በልጄ እጅ ላይ ነው። እውነቱን ካወቅሁ በኋላም ዝም አልኩ።

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባሉት ያገራችን ምግብ ቤቶች ከቅዳሴ መልስ ምሳ ስንበላ፣ ወይም በቤተ ክርስቲያን የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ የሶስናን ታሪክ ከኔ አፍ የሰማችሁ ብዙ ናችሁ። «ልጄ ጾም እየሻረች ስትዋሸኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የደበቀችውን ዒላማው አወጣባት» እያልኩ ነበር የምነግራችሁ። አንዳንዶቻችሁ ወስዳችሁ ለልጆቻችሁ ነግራችኋል። እንግዲህ እውነተኛውን አንብቡ።

ስሜ ደምሴ ነው። ዳውንታውን ሎስ አንጀለስ ውስጥ የአንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ተቆጣጣሪ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። እንግሊዝኛውን የተማርኩት ከመኪና ጥገና መጻሕፍት ነው፤ የቧንቧውን፣ የኤሌክትሪኩን፣ የአናጢነቱን ሥራ ሁሉ ለብቻዬ ነው የለመድኩት። ሰው ሳልጠይቅ መማሬን እንደ ጽድቅ እቆጥረው ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሰው አለመጠየቅ ጽድቅ ሳይሆን ፍርሃት ነበር። «አላውቅም» ማለትን እፈራ ነበር።

ሶስና አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ስልኳ ላይ አቀርቅራ መዋሏ አስጨነቀኝ። ከከተማው በስተሰሜን፣ አንድ ሰዓት ያህል ድራይቭ ተደርጎ፣ ኮረብቶቹ መካከል የዒላማ ተኩስ ክለብ እንዳለ አነበብኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶችን ያሠለጥናሉ። በብሔራዊ ውትድርና ሁለት ዓመት ጠመንጃ ተሸክሜአለሁና እዚያ የማላውቀው ነገር ያለ አልመሰለኝም። ልጄ ዝም ብሎ መቆምን፣ ትንፋሽን መግዛትን፣ ላደረጉት ነገር ኃላፊነት መውሰድን ትማራለች አልኩ። ወረቀት አያዳላም፤ የመታሽበት ቦታ ይታያል፤ ሰበብ የለም። እንዲህ ነበር የምላት።

ጠመንጃዋ ሃያ ሁለት ካሊበር የሚሏት ትንሿ ናት። ጥይቷ የትንሿን ጣት አንድ አንጓ ታህላለች፤ መምቻው የሚያርፈውም ከቀለሃው መሀል ሳይሆን ከጠርዙ ላይ ነው። ስትተኮስ ትከሻ አትገፋም። ፌርፋክስ ላይ የማገኛቸው ታክሲ ነጂዎች ይቀልዱብኝ ነበር።

«ጋሼ ደምሴ፣ ያቺ ነገርህ ትንኝ ትገድላለች?»

«ትንኝ አንገድልም፤ ሕሊና ነው የምናስተካክለው» እላቸው ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነው ለቀልድ እንዲህ ብሎ የሚመልስ? እኔ።

ያገለገለች ጠመንጃ ነበር የገዛነው። በሃምሳ ያርድ፣ አርባ አምስት ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የተተኮሱ አምስት ጥይቶች የእንቁላል ስፋት ያህል ይበታተኑ ነበር። ሁለታችን ተያያዝነው። በርሜሉና እንጨቱ መካከል ወረቀት አስገብቼ ስስብ አንድ ቦታ ላይ ያዘ፤ እንጨቱን እዚያ ጋ በአሸዋ ወረቀት ፍቄ ወረቀቱ ያለ ችግር እንዲያልፍ አደረግሁ። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩትን ሁለት ብሎኖች የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ መፍቻ እኩል አጠበቅኳቸው። ከዚያ ወደ ጥይቱ ሄድን። ትንሿ ሃያ ሁለት አመለኛ ናት፤ አንዷ የምትወደውን ጥይት ሌላዋ ትጠላለች፤ ዋጋውም አይገዳትም። ስምንት ዓይነት ጥይት ገዝተን፣ ጠመንጃዋን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈን፣ ከየዓይነቱ አምስት አምስት ተኮስን። ከረጢቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ለሶስና ያስረዳኋት እኔ ነኝ። «የሰው እጅ ከመሀል ይውጣና ጠመንጃዋ ብቻዋን ትናገር» ብያታለሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር አስታውሱልኝ፤ በኋላ ይፈርድብኛል።

በአራተኛው ወር አምስቱ ቀዳዳዎች አንድ ሆኑ። ሶስና ዳይም የሚሏትን ትንሿን የአሥር ሳንቲም አወጣችና በላያቸው አስቀመጠች። «አባ፣ ጠፉ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ቀን በኋላ ኪሷ ውስጥ ያቺ ዳይም አትጠፋም ነበር።

ጥፋቴ ከመልካም ሐሳብ ጀመረ አልልም። ከኩራት ነው የጀመረው። በውትድርና ዘመኔ የተማርኩት አወላወል አለ፤ የብረት ዘንግ በአፈሙዙ በኩል ይገባል፣ እስከ ታች ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይገባል። አሥር አለቃችን በመጨረሻ ነጭ ጨርቅ ያስገባና ጥቁር ይዞ ከወጣ ያ ቀን አለቀልህ። እኔም በየቅዳሜው ከተኩስ ስንመለስ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በጋዜጣ ሸፍኜ፣ የሶስናን ጠመንጃ አስተኝቼ፣ የብረት ዘንጌን በአፈሙዟ በኩል እየሰደድኩ ሠላሳ አርባ ጊዜ አመላልሳለሁ። ነጩ ጨርቅ ነጭ ሆኖ ካልወጣ አልነሳም። የሺ «ይቺ ጠመንጃ ካንተ ሸሚዝ የበለጠ ታጠበች» ትለኝ ነበር።

ያ ብረት ለጦር ሜዳ የተሠራ ነበርና ይችለዋል። የዒላማ ጠመንጃ ግን አይችለውም። ጥይቷ ከበርሜሉ ስትወጣ ለመጨረሻ ጊዜ የምትነካው የአፈሙዙን ክብ ጠርዝ ነው። ዘንግ እየፈተገው ጠርዙ በአንድ ወገን ከተበላ፣ ከኋላ የሚገፋው ጋዝ በዚያ ወገን ቀድሞ ያመልጣል፤ ጥይቷንም ገና ስትወጣ ያንገዳግዳታል። እዚያ ላይ የፀጉር ያህል መንገዳገድ ሃምሳ ያርድ ላይ ሲደርስ ጣት ያህል ይሆናል። በዘንጌ ጠርዙን በየሳምንቱ ስበላ የነበርኩት እኔ ነኝ።

የሚነግረኝ ሰው አጥቼ አይደለም። የክለቡ አሠልጣኝ ሚስተር ካልቪን የክሬንሾው ሰፈር ሰው ነው፤ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ። አንድ ቀን ስወለውል አይቶኝ፣ «ሚስተር ደምሴ፣ ይህች ጠመንጃ ይህን ያህል መታጠብ አያስፈልጋትም። ደግሞ ከፊት በኩል አይደለም፤ መዝጊያውን አውጣና ከኋላ በኩል አስገባ» አለኝ። «ኦኬ» ብዬ ፈገግ አልኩ። በልቤ ግን አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ስለ ጠመንጃ ምን ያውቃል አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ፣ ፓርኪንግ ስጠብቅ የምውለው ሰው ነኝ።

ሶስና አሥራ ስድስት ዓመት ስትሞላ ቀዳዳዎቹ ከዳይሟ ሥር መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሁለቱ። በሁለት ወር ውስጥ ተመልሰን እንቁላል ደረስን፤ በሦስተኛው ወር እንቁላሉን አልፈን ብርቱካን ሆንን።

«ቃታውን ትነጥቂዋለሽ» እላታለሁ።

«አልነጠቅኩም።»

«ትንፋሽሽን አልያዝሽም።»

«ይዤ ነበር እኮ፤ አባ፣ ፕሊስ፣ አንተ ራስህ ከረጢቱ ላይ አስደግፈህ ቼክ አድርጋት።»

«ሰበብ አትፈልጊ።»

ልጄ ራሷ ጠየቀችኝ። ያስተማርኳትን ፈተና መልሳ እኔን ጠየቀችኝ፤ እኔም ሰበብ ነው አልኳት። ሚስተር ካልቪንም ወደ ጎን ወስዶኝ፣ «ልጅቷን ከመናገርህ በፊት ጠመንጃዋን ፈትሽ» አለኝ። «ፈትሻታለሁ» አልኩት። አልፈተሽኳትም ነበር። ለምን? ጠመንጃዋ የኔ ሥራ ነበረቻ። እንጨቷን የፋቅሁት፣ ብሎኗን ያጠበቅሁት፣ በየሳምንቱ የወለወልኳት እኔ ነኝ። እሷን መፈተሽ እኔን መፈተሽ ነበር። ልጄን መክሰስ ቀለለኝ።

የወጣቶቹ ውድድር ቀን መጣ። ሶስና በልምምድ ታመጣው የነበረውን ግማሹን እንኳን አላመጣችም። አላለቀሰችም። እኔ ግን ስንመለስ መኪናው ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ፤ ተኩሱን ትቼ ወደ ነፍሷ ገባሁ። የተረጋጋ ሕሊና ያለው ሰው እጁም ይረጋጋል፤ ስለዚህ አንድ ነገር እየደበቅሽኝ ነው አልኳት። በሚቀጥለው እሑድ ንስሐ አባታችን ዘንድ ወሰድኳት። እሳቸው ለብቻዋ አነጋግረዋት ሲወጡ፣ «ደህና ልጅ ናት። ተዋት» አሉኝ። አልተውኳትም።

ፌርፋክስ ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ሞተሩን አጠፋሁ። «ሳትነግሪኝ ከዚህ አንንቀሳቀስም» አልኳት። እናስብ እስቲ፤ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ በሩ የተቆለፈ መኪና ውስጥ፣ አባቷ ጥፋት አምጪ እያላት ምን ታደርግ? ፈልጋ አንድ አመጣች።

«ዓርብ ዓርብ ስኩል ፒዛ እበላለሁ» አለች። «ከቺዝ ጋር።»

ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ አለኝ። የተጠራጠርኩትን ያገኘሁ መሰለኝ።

«አየሽ?» አልኳት።

«ሶ… ለዛ ነው እጄ?»

«ለዛ ነው።»

ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። የሌላ ሰው እጅ የምታይ ትመስል ነበር። በማግስቱ የጠመንጃውን ሳጥን ቁልፍ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና፣ «ይቅርታ አባ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለችኝ። እኔም ይቅር አልኳት። ይቅር አልኳት! ከሠራሁት ሁሉ ይህ ቃል ሲከነክነኝ ይኖራል፤ ላላጠፋችው ጥፋት ይቅርታዬን በቸርነት ሰጠኋት።

አርባ ቀን ያህል አለፈ። ጠመንጃዋን ለክለቡ ልስጣት አሰብኩ፤ የምሰጠው ነገር ደህና መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ብቻዬን ሄጄ ከረጢቱ ላይ አስደገፍኳት። አምስት ተኮስኩ። ብርቱካን። ጥይት ቀየርኩ፣ ብሎኖቹን ፈትቼ አጠበቅሁ፣ ወረቀቱን በእንጨቱ ሥር አሳለፍኩ። ብርቱካን። የልጄ እጅ እዚያ አልነበረም። ጠመንጃዋ ብቻዋን ተናገረች።

ቤት ገብቼ የየሺን የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ አወጣሁና በአፈሙዙ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጌ አዞርኩት። ዙሪያውን ሁሉ ልስልስ ብሎ ሄደ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ያዘ። የጥጡ ክር እዚያ ተቀደደና ቀረ። አጉሊ መነጽር አምጥቼ አየሁ። ጠርዙ በዚያ ወገን ተበልቶ እንደ ተሸራረፈ ሲኒ ሆኗል። ዘንጌን አነሣሁና በአፈሙዙ በኩል አስገባሁት፤ በየቅዳሜው እንደማደርገው ያዝኩት። የተደገፈው በዚያው ቦታ ላይ ነበር።

ጠመንጃ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውየው አፈሙዙን አንዴ ብቻ አይቶ፣ «ማነው በፊት በኩል የሚወለውላት?» አለኝ። «ስገዛትም እንዲሁ ነበረች» አልኩት። ከጫፏ ጥቂት ሚሊሜትር ቆርጦ አዲስ ጠርዝ አወጣላት። በዚያው ሳምንት ከረጢቱ ላይ አምስት ተኮስኩ፤ አምስቱም ዳይም ሥር ገቡ።

ከጥገናው በፊትና በኋላ የተኮስኩባቸውን ሁለት የዒላማ ወረቀቶች ቀኑን ጽፌባቸው በሳጥኑ ክዳን ውስጥ ደበቅኳቸው። ክለቡም ጠመንጃዋን አላገኛትም። ለምን ወረቀቶቹን አልቀደድኳቸውም? አንድ ቀን አሳያታለሁ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬአለሁ። እሷ ያን ጊዜ በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ሃያ እርምጃ አይሆንም።

ዝምታው ብቻ ቢሆን ይቀል ነበር። ፌርፋክስ ላይ አንዱ፣ «ሶስና የት ጠፋች? ተኩሱን ተወችው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ በር አልነበረም። አፌን ስከፍት የወጣው ያ የጾሙ ታሪክ ነው። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንድ አባት ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ። ጣፈጠኝ። ደግሜ ነገርኩት። እየደገምኩት ስሄድ አማርኛውም እየተዋበ ሄደ። እንዴት ነው ሰው እያወቀ እንዲህ የሚያደርገው? አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ አውቃለሁ። ታሪኩ እኔን ጥሩ አባት አድርጎ ያሳይ ነበር።

ሶስና አደገች። ብርጭቆ በሁለት እጇ ትይዛለች። እናቷ መርፌ ላይ ክር አስገቢልኝ ስትላት፣ «ማሚ፣ የኔን እጅ ታውቂው የለ» ብላ ትስቃለች። ሁሉም ይስቃል፤ እኔም እስቅ ነበር። ዌስትውድ ካለው ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማረች፤ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው።

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ፌርፋክስ ላይ ሦስታችን ምሳ እየበላን የሺ፣ «ታዲያ በምን ልትሠለጥኚ ወሰንሽ? ልጅ ሆነሽ ኦፕራሲዮን ኦፕራሲዮን ስትዪ ነበር» አለቻት።

ሶስና ሳቀች። «በዚህ እጅ? አባን ጠይቂው እስቲ!»

«ከልቤ ነው የጠየቅሁሽ።»

«እኔም ከልቤ ነው። ባለፈው አንድ ሰርጀን ስሰፋ አይቶኝ ‹ጥሩ እጅ አለሽ› አለኝ፤ ናይስ ሊሆን ፈልጎ ነው። ፕሬሸር ሲመጣ ምን እንደሚሆን እኔ አውቀዋለሁ። ሌላ ዘርፍ እመርጣለሁ። የዘርፍ ምርጫውን ፎርም ሐሙስ ሰብሚት አደርጋለሁ።»

ለካ ነገሩ የጠመንጃ ጉዳይ መሆኑን ካቆመ ዓመታት አልፎታል። የልጄን ዕድሜ ልክ ሥራ የሚወስነው አሁንም ያ ዘንግ ነበር። ሐሙስ ደግሞ አራት ቀን ቀርቶታል።

መጀመሪያ ያሰብኩት ንስሐ አባቴ ዘንድ መሄድ ነበር። መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ነው ሽሽት መሆኑ የገባኝ፤ ለእግዚአብሔር መንገር የቀለለኝ እሱ ቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። ማክሰኞ ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሁለቱን ወረቀቶች በፖስታ ይዤ ዌስትውድ ሄድኩ። ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የምሳ ዕረፍቷ ነበር፤ ሳንድዊቿን ገና አልፈታችውም። ሳላሳምር ነገርኳት። ዘንጉን፣ ጠርዙን፣ ጥጡን፣ ጠጋኙን። ወረቀቶቹን ሰጠኋት።

መጀመሪያ ያየችው ቀኑን ነው።

«ይሄ እኔ ካቆምኩ በኋላ ነው።»

«አዎ።»

«ሁለቱንም የተኮስከው አንተ ነህ።»

«አዎ።»

«ማሚ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ለሰው ሁሉ ነግረሃል እኮ» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ቸርች ውስጥ ሴቶቹ እጄን እያዩ ነበር ሰላም የሚሉኝ። ታውቃለህ?»

«ብዙ ጊዜ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር።»

«አይ። ብትፈልግ ትነግረኝ ነበር።»

ልክ ናት። ወረቀቶቹን አጥፋ የነጭ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችና ተነሥታ ሄደች። ሳንድዊቹ ወንበሩ ላይ ቀረ። ቤት ስደርስ ለየሺ ነገርኳት። ሰምታኝ ስትጨርስ፣ «እኔንም አስዋሸኸኝ፤ ያንን ወሬ ስንት ቤት ነው ይዤ የዞርኩት» አለችኝ፤ ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም። ይገባኛል።

ሶስና ዓርብ ከሰዓት ደወለች።

«ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ነገ ክለቡ ሬንጅ ውሰደኝ። ጠመንጃዋን ይዘህ ና። ሁለተኛ፣ ለሰው ሁሉ የነገርከውን ለሰው ሁሉ አስተካክል። በአፍህ አይደለም፤ በአፍህ ታሳምረዋለህ። ጻፈው።»

«እጽፋለሁ። ፎርሙስ?»

«ልኬዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«እሱን ገና አልነግርህም፤ አባ። እሱ የኔ ነው።»

አልጠየቅሁም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄን ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ክለቡ ስንደርስ ሚስተር ካልቪን በከዘራ ይሄዳል እንጂ አሁንም እዚያው ነበር። ሶስናን አቅፎ አልለቅ አላት። እኔ ፊቱ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ያን ቀን ፈትሻታለሁ ያልኩት ውሸት እንደነበርም ጨመርኩለት። ሰማኝና፣ «ለመፈተሽ አሥራ አንድ ዓመት? ትራፊክ ይዞህ ነበር?» አለኝ። ሶስና ሳቀች። በዚያ ሳምንት የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

ጠመንጃዋን ላወጣላት እጄን ስዘረጋ፣ «አንተ አትንካት» አለችኝ። ራሷ አወጣቻት። መዝጊያውን ስባ አውጥታ፣ ሚስተር ካልቪን የሰጣትን በፕላስቲክ የተለበጠ ዘንግ ከኋላ በኩል አስገብታ አንድ ጨርቅ አሳለፈች፤ ጨርቁ በፊት በኩል ሲወድቅ ዘንጉን መለሰችው። አንዴ ብቻ። ጨርቁ ጥቁር ነበር፤ ዝም ብላ ጣለችው። እኔም ሌላ ጨርቅ አላቀበልኳትም።

ከረጢቱን ወደ ጎን ገፋችና በእጇ ያዘች። የመጀመሪያዋ ጥይት ከላይ ወጣች። አፌ ላይ «ትንፋሽሽን» የሚለው ቃል መጣ፤ ጥርሴን ነከስኩበት። ሁለተኛ። ሦስተኛ። አራተኛ። አምስተኛ። ወረቀቱን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከቦርሳዋ ዳይም አወጣች፤ ያንኑ የድሮውን ይሁን ሌላ አልጠየቅሁም። መሀል ላይ ስታስቀምጠው አንዷን ቀዳዳ ብቻ ሸፈነ።

«እንቁላል» አለች።

እኔ አቀረቀርኩ። እሷ ግን ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንሥታ አየችውና ፈገግ አለች። ቀኝ እጇን ዘርግታ ፊቴ ላይ አቆመችው፤ ፀጥ ያለ ነበር።

«አየህ? አልተንቀጠቀጠም። ይሄ የልምምድ ማነስ ነው። ይሄኛው ጥፋት የኔ ነው፤ ይሄንን እቀበላለሁ። ሌላ አምስት ስጠኝ።»

ሰጠኋት። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄድን። ቀዳዳዎቹ እየተሰበሰቡ ነው። ከኔ ጋር እንደ ድሮው ታወራለች አልልም፤ አንዳንዴ መንገዱን ሙሉ መስኮቱን ስታይ ትሄዳለች። ግን ትመጣለች። ቁርስ ይዛልኝ የመጣችበት ቀንም አለ፤ ዓርብ አልነበረም እንጂ ፒዛ ነበር፤ ቺዙን እያሳየችኝ በላችው፤ እኔም በላሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን ብቻ አይደለም፤ እሷ በጊዜዋ ትወስን። ወታደር ቤት እንዲህ ተማርኩ፣ አላወቅሁም ነበር፣ ለልጄ ጥሩ ፈልጌ ነው ብዬም አልከላከልም። ይቅር ካልኳት በኋላ አለማወቄ አርባ ቀን ብቻ ነው የቆየው፤ የቀረው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አውቄ ነው። ልጅ ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ያንን የጾምና የእጅ ታሪክ ለልጆቻችሁ የነገራችሁ፣ ዛሬውኑ ጠርታችሁ ጋሼ ደምሴ ዋሽቶናል በሏቸው። ስሜን አትዝለሉት።

ፌርፋክስ ላይ ሶስናን ስታገኟት እጇን አጥብቃችሁ ጨብጡት። ያ እጅ ጤነኛ ነበር። ጠርዙን የበላሁት እኔ ነኝ።